መብራት ያልጠፋበት ሳምንት

በሠፈራችን አንድ ሳምንት ከሰኞ እስከ አርብ መብራት ሳይጠፋ ከረመ። ሰኞ አልጠፋም፤ ማክሰኞ አልጠፋም፤ ረቡዕ ላይ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች «ዛሬስ ምን ነክቷቸው ነው?» እያሉ ወደ አምፖሉ ቀና ብለው ማየት ጀመሩ። ሐሙስ የሹራብ ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ልደታ ማርያም ለዚሁ ብለው ጧፍ አብርተው እንደመጡ ነገሩን። እኔም ከሰው ጋር ተደሰትኩ። ያ ሳምንት ምን እንደሚያሠራኝ አላወቅሁም ነበር።

ሹራብ ቤቱ ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ሠፈር ነው፤ በብረት ሠሪዎቹና በሶፋ ሠሪዎቹ መሃል በምትገባው ጠባብ መንገድ። ያኔ ሁለት ክፍል ነበረው። በትልቁ ክፍል ስድስት፣ በትንሹ አንድ የሹራብ መኪና ተተክሎ ሰባት ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ እጀታውን ወዲያና ወዲህ ይገፉ ነበር። ድምፁ አይለቅም። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ትራሴ ውስጥ ይሰማኛል። ዛሬም ይሰማኛል፤ ለምጄው ነው እንጂ።

ያስገባችኝ ጓደኛዬ ናት። የአንድ ግቢ ልጆች ነን፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ቤት ስቀመጥ እሷ ሹራብ መሥራት ከጀመረች ቆይታ ነበር። «ክር መጠቅለል ነው። ወሬ አይጠይቅም። ላንቺ የተፈጠረ ሥራ ነው» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀርብኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ሴቶቹ «ይቺ ልጅ ምላሷን ቤት ቆልፋበት ነው እንዴ የምትመጣው?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ ፈገግ እላለሁ። መልስ አልሰጥም።

ከክር ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩኝ የእትዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሁላችንም ኢንጂነር ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ፈጅተው ጡረታ ሲወጡ፣ የሚያውቁትን የድሮ ፕሮግራም ይዘው መጥተው እህታቸው ቤት ተከሉት። ለሰባት ሹራብ ሠሪ ተራ ሠንጠረዥ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን «ሠንጠረዥ ሁለት ጎን ብቻ ነው ያለው። ሥራ ሁለት ጎን ብቻ ነው ያለው?» ይላሉ። በየቀኑ የተሠራውን የሚያስገባ ሰው ሲፈልጉ ከክሩ ጎን የተሠራውን ሹራብ የምመዘግብበትን ደብተር አዩና «የማይለፈልፍ ሰው ቁጥር አያበላሽም» ብለው መረጡኝ።

ያስተማሩኝ በክር መደርደሪያው ነው። በመደርደሪያው ፊት አቁመውኝ «ወደ ጎን ሠራተኛ በይ። ወደ ታች ወር። ወደ ውስጥ ሳይዝ። አሁን እጅሽን አንዱ ሳጥን ውስጥ ክተቺ። ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

«ክር» አልኳቸው።

«ክሩን ተይው! ያቺ ሠራተኛ፣ በዚያ ወር፣ በዚያ ሳይዝ የሠራችውን አገኘሽ።»

መደርደሪያውን በሙሉ «ምርት» ብለን ሰየምነው። ሌላ እሱን የመሰለ መደርደሪያ «ተመላሽ» አልነው፤ ተበላሽቶ የተመለሰው የሚገባበት። ከዚያ ኢንጂነር አንድ መስመር ብቻ አስጻፉኝ፤ ምርት ሲቀነስ ተመላሽ። አንዱን ቁልፍ ስጫን እያንዳንዱ ሳጥን ከአምሳያው ሳጥን ተቀንሶ መጣ። ማንን ከማን እንደሚቀንስ አልነገርኩትም። ራሱ ጎኖቹን አይቶ አገናኘ። በትምህርት ቤት የሒሳብ ደብተሬ ላይ እንደዚህ የታዘዘልኝ ነገር የለም።

«የሥራ ቀን» የሚባል ሦስተኛ ነገርም ነበረን። እሱ አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው፤ ወር። ቤቱ በዚያ ወር ስንት ቀን ክፍት እንደነበር ይናገራል። ምርቱን ለእሱ ሳካፍለው፣ ሠራተኛ የሚባል ጎን ስለሌለው ለሁሉም ሴት ያንኑ ቀን ያድላል። ይሄም ያኔ ገርሞኝ ነበር። ምን ዓይነት እደላ እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

ከዚያ ኢንጂነር ከእትዬ አልጋ ልብስ ጨርቅ አምጥተው መደርደሪያው ላይ ጣሉበት፤ ትልልቁ ሳይዝ ብቻ እንዲታይ አድርገው።

«ይሄ ሊሚት ይባላል። የተሸፈነው ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«አልጠፋም። ግን ስንት አለ ብትዪው የሚቆጥርልሽ የሚታየውን ብቻ ነው። ሸፍነሽብኛል ብሎ አይነግርሽም። ትሁት አገልጋይ ነው፤ አይከራከርም። ስለዚህ ከመጠየቅሽ በፊት ሁልጊዜ መጋረጃውን ግለጪ።»

መጀመሪያ ሰሞን እገልጥ ነበር። ከመጠየቄ በፊት ሠራተኛ ሁሉ፣ ወር ሁሉ፣ ሳይዝ ሁሉ ብዬ እጽፋለሁ። ኋላ ተውኩት። እኛ ጋ መብራት በየቀኑ ይጠፋል፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ። መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ሲዘጋ መጋረጃው ራሱ ይነሳል። ጠዋት የሸፈንኩት ከሰዓት ተገልጦ አገኘዋለሁ። ሴቶቹ መብራት ኃይልን ሲራገሙ ለእኔ ግን ሦስት መስመር ጽሑፍ ያስቀርልኝ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። እጄ መግለጥን ረሳ።

በዚያ መብራት ባልጠፋበት ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታዘዘውን ሹራብ ለመከታተል ትልልቁን ሳይዝ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሸፈንኩት። በየቀኑ ስንት ደረሰ እያልኩ ያንኑ እጠይቀዋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ስለሚያንቀራፍፍ አልዘጋሁትም። መብራቱም አልዘጋልኝም።

ሐሙስ ከሰዓት አከራያችን መጡና ትንሿን ክፍል ለልጃቸው እንደሚፈልጓት ተናገሩ። እትዬ ለመኗቸው፤ አልሆነም። በትልቁ ክፍል ከስድስት መኪና በላይ መተከል አይችልም። አንድ መኪና መነሳት አለበት፤ ከመኪናው ጋር አንድ ሴት። ያን ቀን ማንም ከማንም ጋር አልተጫወተም። የመኪናው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከወትሮው ይፈጥን ነበር።

አርብ ጠዋት እትዬ ሁሉም ባለበት ቆመው «እኔ ፊት አይቼ አልመርጥም። የሰው ዓይን ያዳላል። ኮምፒውተሩ ይናገር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በቀን በቀን ማን ስንት እንደሠራች፣ የተበላሸው ተቀንሶ፣ የዓመቱን አውጪልኝ» አሉኝ።

አንድ መስመር ነው። ምርት ሲቀነስ ተመላሽ፣ ሲካፈል ለሥራ ቀን፣ በየሠራተኛው። ጻፍኩ፤ አተምኩ። ወረቀቱ ላይ ከሁሉ መጨረሻ የወጡት ማዘር ነበሩ።

ማዘር የምንላቸው ከሁሉም የሚበልጡት ሴት ናቸው። በትንሿ ክፍል ብቻቸውን ይሠራሉ። መኪናቸው የድሮ ነው፤ መርፌው ቀጭን፤ ለሕፃን ሹራብ ይሆናል እንጂ ለጎረምሳ ትከሻ አይሆንም። የክርስትና ሹራብ፣ የሙአለ ሕፃናት ሹራብ የእሳቸው ነው። ቁጥራቸውን ሳየው ገረመኝ። ስንት ቀን ሹራባቸውን ቆጥሬ አስገብቻለሁ፤ እጄ ያውቀዋል። ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ልጅ ነኝ፤ ኮምፒውተሩ ካለ አለ ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁ። እትዬም ቆመው አነበቡት። ከዚያ ትንሿ ክፍል ገቡ።

በሩ ክፍት ስለነበር ሰማናቸው።

«እኔ ሳልሆን ወረቀቱ ነው ማዘር።»

«እህ» አሉ ማዘር። ቀጥለውም «የያዝኩትን ልጨርስ?» አሉ።

«ይጨርሱ እንጂ። እስከ ነገ ማታ።»

መኪናቸው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መብራቱ ጠፋ። ሴቶቹ «በይ፣ ደረስሽ!» ብለው ሳቁ፤ ዘመድ የመጣ ይመስል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ኢንጂነር ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ወረቀት ቅጂ ስለሚወስዱ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የአርቡን መስመር እንደነበረ እንደገና ጻፍኩና አተምኩ።

ሌላ ወረቀት ወጣ።

ማዘር ከላይ ሁለተኛ ናቸው። ገባኝ። የአርቡ ወረቀት ትልልቁን ሳይዝ ብቻ ነበር የቆጠረው፤ ማዘር በዓመት አንዴ ሁለቴ ሰው ሲጎድል በሌላ መኪና የሚሠሩትን። የሕፃናቱ ሹራብ ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። መጨረሻው ላይ ያለችው ጓደኛዬ ናት።

መጋረጃዎቹን በሙሉ በእጄ ገለጥኩ፤ አንድ በአንድ። እንደገና ጠየቅሁ። ያው ነው። ተመላሹን አውጥቼ ጠየቅሁ። ያው ነው። በደብተሩ የጻፍኩትን የአንድ ወር ቁጥር በጣቴ እየተከተልኩ ከኮምፒውተሩ ጋር አመሳከርኩ። አራት ጊዜ። በሕይወቴ ስህተት እንደዚያ ቀን ፈልጌ አላውቅም።

ምሳ ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የምንበላው፤ ግቢው ውስጥ ባለው የድንጋይ ደፍ ላይ፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ። ያን ቀን የእሷ ተራ ነበር ያመጣችው።

«ምነው? ምስር ነው ብለሽ ናቅሽው?» አለችኝ።

«ስህተት ሠርቻለሁ።»

«ምን ሰበርሽ?»

ነገርኳት። መጋረጃውን፣ መብራቱን፣ የማዘርን ወረቀት። ከእኔ እንደዚያ ረጅም ወሬ ሰምታ ስለማታውቅ ማላመጧን አቆመች።

«እና ማዘር ሊቀሩ ነው! እሰይ!» አለች። ቀጥላ «ታዲያ መጨረሻ ማን ሆነ?»

እንጀራውን መቁረስ ጀመርኩ።

«አፍሽን ክፈቺ እንጂ!»

«አንቺ።»

መጀመሪያ ሳቀች። የምቀልድ መስሏት ነው፤ ቀልጄ ግን አላውቅም። ከዚያ ፊቴን አየች።

«ስንት ዓመት ትንፍሽ ሳትዪ ኖረሽ፣ ዛሬ በእኔ ነው አፍ ያወጣሽው?»

«ማዘር እኮ…»

«ማዘርን አውቃለሁ። ማዘር የሚጦሯቸው ልጆች አሏቸው። የእኔ እናት ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማን ያውቃል ይሄን? አንቺና ኮምፒውተሩ። መብራት ባይጠፋ ኖሮ አንቺም አታውቂውም ነበር።»

እውነቷን ነው። ያን ዓመት እናቷን ሐኪም ቤት ስታመላልስ ስንት ቀን ቀርታለች። የቀረችበትን ቀን የማስገባው እኔ ነኝ፤ ማለት የማስገባው ነገር ስለሌለ ባዶ አልፈዋለሁ። የሥራ ቀኑ ግን ቤቱ የተከፈተበት ቀን ነው፤ የእሷ ቀን አይደለም። ያልመጣችበት ቀን ሁሉ በእሷ ላይ ተካፍሏል። ይሄ ነገር ምሳው ላይ ብልጭ አለብኝ። ለእሷ ልነግራት ስል የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጥማ ተነሳች። ግማሹ ምስር አልተበላም።

እትዬ ጋ የሄድኩት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስሠራ እንደቆየሁ አላስታውስም። የተሠራውን ሹራብ እያጠፉ ላስቲክ ውስጥ ይከቱ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«አይሰማኝም፤ ጮክ በይ።»

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩና በጣቴ አሳየኋቸው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሸፍኜ እንደረሳሁ ተናገርኩ።

«ትናንት ስትሰጪኝ አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ገርሞኝ ነበር።»

«ገርሞሽ ዝም አልሽ?»

«ኮምፒውተሩ ካለ ብዬ ነው።»

እትዬ የያዙትን ሹራብ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እኔም ኮምፒውተሩ ካለ ብዬ ነው» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። አዲሱን ወረቀት እስከ ታች አነበቡትና «እንዴ፣ ይቺ ያንቺ ጓደኛ አይደለችም?» አሉኝ።

«ናት።»

ወረቀቱን ላስቲኩ ላይ አስቀመጡት። «ሌላ የምትዪኝ አለ?»

ነበረኝ። የሥራ ቀኑ የእያንዳንዷ ሴት ቀን አይደለም፤ እሱም መጋረጃ ነው ማለት ነበረብኝ። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩትን ድፍረት በመጀመሪያው ጨርሼዋለሁ። ደግሞም ለጓደኛዋ ምክንያት ፈጠረች እንዳይሉኝ ፈራሁ። ደክሞኝም ነበር።

«የለም እትዬ» አልኩ።

ማዘርን ጠርተው ነገሯቸው። ማዘር ወረቀቱን አላዩትም፤ ማንበብ አይችሉም። «እኔስ አውቄው ነበር። እጄን አውቀዋለሁ» አሉ።

«ታዲያ ትናንት ምነው ዝም አሉ?» አሏቸው እትዬ።

«ሰው ቢሆን እከራከራለሁ። ኮምፒውተር ነው ስትዪኝ ከማን ጋር ልከራከር?»

መኪናቸው ወደ ትልቁ ክፍል ተዛወረ፤ ጓደኛዬ በተቀመጠችበት ቦታ። እሷ የወንበሯን ትራስና መቀስዋን በፌስታል ከታ ወጣች። ሴቶቹ አቅፈው ሳሟት። እኔን ሳትስመኝ አለፈች፤ አላየችኝም ማለት ግን አይደለም።

በዚያ ቅዳሜ ሳይመጡ የቀሩት ኢንጂነር ማክሰኞ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለእሳቸው መናገር ይቀለኛል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ለሥራ ቀን ሠራተኛ የሚባል ጎን ያልሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ለሹራብ ቤት ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ሰነፍኩ።» ሁለት ቀን ሙሉ የመግቢያ ፊርማውን ደብተር እያነበብኩላቸው እሳቸው ጎኑን ሠሩ። ከዚያ ያንኑ መስመር፣ አንድ ፊደል ሳልለውጥ ጻፍኩት። ጓደኛዬ ከሰባቱ አራተኛ ሆና ወጣች። በመጣችበት ቀን የሠራችው የሦስት ሴቶችን ይበልጣል።

መጨረሻ የወጣችውን ሴት አልጽፍም። ወረቀቱንም አላተምኩትም።

ለእትዬ በዚያው ቀን ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ትንሿ ክፍል ተረክባ በሯ ላይ አዲስ ቁልፍ ተገጥሞ ነበር። «አሁን ምን ላድርግበት ልጄ?» አሉኝ። እኔም አላወቅሁም። «ቅዳሜ ብትነግሪኝ» አሉና ሳይጨርሱት ተዉት። እሳቸው ሳይጨርሱ የተዉትን እኔ ስንቴ ጨርሼዋለሁ።

እስካሁን እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። ዛሬም መብራቱ በየቀኑ ይጠፋል። እኔ ግን ከመጠየቄ በፊት ሦስቱን መስመር እጽፋለሁ፤ ሠራተኛ ሁሉ፣ ወር ሁሉ፣ ሳይዝ ሁሉ። ኮምፒውተሩ ገና አሁን ተከፍቶ ምንም ያልሸፈንኩ ብሆንም እጽፋለሁ። ኢንጂነር «ይሄን ያህል እንኳ አያስፈልግም» ይሉኛል።

ጓደኛዬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታለች። ግቢያችን አንድ ነውና መተያየታችን አልቀረም፤ በየደጃችን ግን ቶሎ እንገባለን። ባለፈው ወር ልደታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆማ አገኘኋት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ መሸሻ የለም። ስለ እናቷ ልጠይቃት ፈለግሁ። ቃሉ እንደ ወትሮው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እሷ ዞር ብላ አየችኝ።

«መብራት አለ እናንተ ሹራብ ቤት?» አለችኝ።

«ጠፍቷል።»

«እግዜር ይመስገን፤ መጋረጃሽ ተነስቷል» አለች። ሳቀች ልበል ይሆን? ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። ታክሲው ሲመጣ እሷ ገባችና የመጨረሻው ወንበር ተያዘ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል «ቆይ፣ እሷም ትግባ፤ ተጠጋግተን እንቀመጣለን» ብላ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

እስከ ጠመንጃ ያዥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብበን ሄድን። «እናትሽስ?» አልኳት ወራጅ ልንል ስንል። «አለች» አለችኝ።